በማስቲሽ ወይስ በጠርዝ፦ የእሽቅድምድም ብስክሌት ጎማ ታሪክ

የጎዳና እሽቅድምድም ብስክሌት ጎማ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ አንሥቶ ከቸርኬው ጋር የሚያያዘው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ቱቡላር የሚባለው ሲሆን፣ የጎማው ጨርቅ በከመነዳሪው ዙሪያ ተጠቅልሎ ከሥሩ በክር ይሰፋና ዙሪያውን ድፍን ቱቦ ሆኖ ቸርኬው ላይ በማስቲሽ ይጣበቃል። ሁለተኛው፣ ክሊንቸር የሚባለው፣ ከሥሩ ክፍት ነው፤ በሁለቱ ጠርዞቹ ውስጥ በተቀበረ ሽቦ ወይም ጠንካራ ክር አማካይነት የቸርኬውን ከንፈር ከውስጥ ይዞ ይቀመጣል፣ ከመነዳሪውም ለብቻው ወጥቶ ይለጠፋል ወይም ይለወጣል። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል የሚለው ክርክር ዛሬ በአመዛኙ በክብደትና በፍጥነት ይመዘናል። ታሪኩን ከመነሻው የተከተለ ሰው ግን ምርጫውን በየዘመኑ ይበልጥ የወሰኑት ሁለት ነገሮች መሆናቸውን ይረዳል፤ እነዚህም ጎማው በተበሳ ጊዜ ለተወዳዳሪው የሚደርስለት ሰው መኖር አለመኖሩና ቸርኬው የተሠራበት ቁስ ናቸው።

በአየር የሚነፋ ጎማ ሐሳብ ከዘመናዊው ብስክሌት ይቀድማል። ስኮትላንዳዊው ሮበርት ዊልያም ቶምሰን በ1845 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) ለሠረገላ የሚሆን በአየር የተሞላ ጎማ ሠርቶ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ቢያገኝም፣ ላስቲክ ውድ በመሆኑና ፈላጊ በመጥፋቱ ሥራው ተረስቶ ቀረ። ከአርባ ዓመታት በኋላ፣ በ1887፣ ቤልፋስት ከተማ ይሠራ የነበረው ስኮትላንዳዊ የእንስሳት ሐኪም ጆን ቦይድ ደንሎፕ ለልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ተመሳሳይ ጎማ ሠራ፤ በሚቀጥለው ዓመትም መብቱን አስመዘገበ። በ1889 ዊሊ ሂዩም የተባለ ተወዳዳሪ በዚሁ ጎማ ቤልፋስት ላይ ተወዳድሮ በማሸነፉ፣ ድፍን የላስቲክ ጎማ ከእሽቅድምድም ሜዳ መውጣት ጀመረ። ይሁን እንጂ በ1890 የቶምሰን ቀዳሚ መብት መኖሩ ሲታወቅ የደንሎፕ መብት ዋጋ በማጣቱ፣ ዋናው ሐሳብ የማንም የግል ንብረት መሆኑ ቀረ። ፈጣሪዎች ከዚያ በኋላ የተሽቀዳደሙት ጎማው ከቸርኬው ጋር በሚያያዝበት ዘዴ ላይ ነው።

ይህ ዘዴ እንደ ትንሽ ነገር የሚታይ አልነበረም፤ የደንሎፕ የመጀመሪያው ጎማ በሸራ ተጠቅልሎ በላስቲክ ማጣበቂያ ቸርኬው ላይ የተለጠፈ በመሆኑ፣ አንዲት ሚስማር ከወጋችው ለመጠገን ሰዓታት ይወስድ ነበር። በ1890 እንግሊዝ ውስጥ ቻርልስ ኪንግስተን ዌልች በጠርዙ ሽቦ የተቀበረበትንና መሐሉ ጎድጎድ ባለ ቸርኬ ላይ የሚገባውን ጎማ፣ በዚያው ዓመትም ዊልያም ባርትሌት በወፍራም ጠርዙ የቸርኬውን ጥምዝ ከንፈር የሚነክሰውን ጎማ አስመዘገቡ። የዛሬው ክሊንቸር ስሙን የወረሰው ከባርትሌት ቢሆንም፣ በአሠራሩ የሚቀርበው ለዌልች ነው።

በዚሁ ጊዜ ፈረንሳይ ውስጥ፣ ክሌርሞን ፌራን በምትባል ከተማ፣ የላስቲክ ፋብሪካ የነበራቸው ኤዱዋርና አንድሬ ሚሽላን የተባሉ ወንድማማቾች ከአንድ ብስክሌተኛ አጋጣሚ ተነሥተው ወደ ተመሳሳይ መፍትሔ ደረሱ። ብስክሌተኛው በ1889 የተበሳ የደንሎፕ ጎማ ይዞ ሲመጣ ጥገናው ሦስት ሰዓት ያህል ፈጀ፤ ማጣበቂያው እንዲደርቅም ሌሊቱን ማደር ነበረበት፤ ኤዱዋር በማግሥቱ ብስክሌቱን ሲሞክረው ግን ብዙም ሳይርቅ ጎማው እንደገና ተነፈሰ። በ1891 ወንድማማቾቹ በብሎን የሚታሰርና ተፈቶ የሚወጣ ጎማ አስመዘገቡ፤ ጥገናውም ወደ ሩብ ሰዓት ገደማ ወረደ። በዚያው ዓመት መስከረም ወር የመጀመሪያው የፓሪስ-ብሬስት-ፓሪስ ውድድር ሲካሄድ፣ ሻርል ቴሮን በዚህ ጎማ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ በ71 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ጨርሶ አሸነፈ፤ በደንሎፕ ጎማ የሚጋልበውን ዋና ተቀናቃኙን ዢየል ላቫልን ያለፈውም ላቫል ጋንጋን ከተማ ላይ ተኝቶ ሳለ ነበር። ሚሽላኖች በሚቀጥለው ዓመት ከፓሪስ እስከ ክሌርሞን ፌራን ባዘጋጁት ውድድር ደግሞ የጎማቸውን ለጥገና መመቸት ለማሳየት መንገዱ ላይ ሚስማር እስከ መበተን ደርሰዋል።

በዚህ ሁኔታ ሲታይ ክርክሩ ገና በጠዋቱ ለክሊንቸር የተፈረደ ይመስላል፤ ለተራው ጋላቢም በእርግጥ ተፈርዶለት ነበር። በእሽቅድምድም ዓለም ግን ነገሩ ተገለበጠ። የዘመኑ ክሊንቸር ጥምዝ ከንፈር ያለው ከባድ የብረት ቸርኬ ይፈልግ ስለነበር፣ ተወዳዳሪዎች ደግሞ ቀላልና ንዝረትን የሚያበርድ የእንጨት ቸርኬ ይመርጡ ስለነበር፣ ለእንጨቱ የሚስማማው ከላይ ተጣብቆ የሚቀመጠው ቱቡላር ብቻ ሆነ። በዚያ ላይ በደንብ የተጣበቀ ቱቡላር አየሩ ቢያልቅም ከቸርኬው ላይ አይወርድም፤ የተነፈሰ ክሊንቸር ግን ከመቀመጫው ሊወጣና ጋላቢውን በባዶ ቸርኬ ሊያስቀር ይችላል። በፍጥነት ቁልቁለት ለሚወርድ ሰው ይህ ልዩነት የሕይወት ጉዳይ ነው፤ የቱቡላርን የመቶ ዓመት ንግሥና ከክብደቱ ይልቅ ያጸናውም ይኸው ጠባዩ ይመስላል።

ቱቡላርን የመሥራትና የመጠገን ሥራ ራሱን የቻለ እጅ ጥበብ ነበር። ጨርቁ ከጥሩ የጥጥ ክር፣ ሀብት ላለው ቡድን ደግሞ ከሐር ክር ይዘጋጃል፤ ክሮቹ እንደ ተራ ሸማ ድርና ማግ ሆነው አይጠላለፉም፤ እርስ በርስ ሳይፋተጉ እንዲተጣጠፉ በሁለት ሰያፍ ንጣፍ ተደራርበው በላስቲክ ይያያዛሉ። በመካከላቸው ስስ ከመነዳሪ ይገባል፤ ጠርዙ ይሰፋል፤ ስፌቱም በጥጥ ጥብጣብ ይሸፈናል። ጎማው በተበሳ ጊዜ መካኒኩ ቀዳዳውን በውኃ ውስጥ ፈልጎ ያገኛል፤ በዚያው ትይዩ ጥብጣቡን ጥቂት ጣት ያህል ገልጦ ከመነዳሪውን ላለመውጋት እየተጠነቀቀ ስፌቱን ይቆርጣል፤ ከመነዳሪውን ስቦ ያወጣል፣ ይለጥፋል፣ ይመልሳል፤ በመጨረሻም ሰም በተቀባ ክር በቀድሞዎቹ የስፌት ቀዳዳዎች እያሳለፈ ሰፍቶ ጥብጣቡን ያጣብቃል። አዲስ ስፌት ከቀድሞው ከጠበቀ ወይም ከላላ ጎማው በዚያ ቦታ ይጎብጣል፤ መንገድ ላይም በእያንዳንዱ ዙር ይመታል። ከቸርኬው ጋር ማያያዙም የዋዛ ሥራ አልነበረም፤ ማስቲሹ በቸርኬውም በጥብጣቡም ላይ በስሱ ተቀብቶ እንዲደርቅ ያድራል፣ ይደገማል፣ ከመጨረሻው እርጥብ ቅብ በኋላ ጎማው ተወጥሮ ይገባል፣ መሐሉ ይስተካከላል፣ ተነፍቶም ሌላ ሌሊት ያድራል። የታላላቅ ቡድኖች መካኒኮች አዳዲስ ቱቡላሮችን ቀዝቃዛና ጨለማ በሆነ ምድር ቤት ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት እያስቀመጡ ያጠነክሩ ነበር። የእነዚህ ሰዎች ስም ከአሸናፊዎቹ ስም ጎን አለመጻፉ የብስክሌት ታሪክ ትልቅ ጉድለት ነው።

በ1903 ሞሪስ ጋረን የመጀመሪያውን ቱር ደ ፍራንስ ሲያሸንፍና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ የውድድሩ ሕግ ተወዳዳሪው ለማንኛውም ብልሽት ራሱን እንዲችል ያስገድድ ነበር። ሕጉ ምን ያህል ጥብቅ እንደነበር ከ1913ቱ የዩጂን ክሪስቶፍ ታሪክ መረዳት ይቻላል፤ ክሪስቶፍ ፒሬኔ ተራሮች ላይ የብስክሌቱ የፊት ሹካ ሲሰበርበት ተሸክሞ ወርዶ በአንድ አንጥረኛ ቤት በገዛ እጁ ቀጥቅጦ አበጀው፤ ወናፉን አንድ ልጅ ነፍቶለት ስለነበር ግን ለዚያች እርዳታ የጊዜ ቅጣት ተጣለበት። በዚህ ሕግ ሥር ቱቡላር ሌላም ጥቅም ነበረው። በዘመኑ ፎቶግራፎች ላይ ተወዳዳሪዎች በትከሻቸውና በጀርባቸው ላይ አመሳቅለው ተሸክመውት የሚታየው ነገር ትርፍ ቱቡላር ነው። ጎማው ሲተነፍስ አሮጌው በጣት ተፈልቅቆ ይወጣል፣ ቀድሞ ማስቲሽ የተቀባው ትርፍ ጎማ በቦታው ይገባል፣ ይነፋል፤ ሥራው መፍቻ አያሻውም። በብርድ ለደነዘዘ እጅ ግን ይህም ቀላል አልነበረም፤ በጥድፊያ የገባ ጎማም ማስቲሹ በደንብ ስለማይይዝ ቀጣዩን ቁልቁለት በጥንቃቄ መውረድ የግድ ነበር።

የቸርኬው ቁስ የተለወጠው በ1934 ነው። የፈረንሳዩ ማቪክ ኩባንያ ከዱራሉሚን፣ ማለትም ከተጠናከረ የአሉሚኒየም ቅይጥ፣ ቀላል ቸርኬ ሠርቶ ለአንቶናን ማኝ ሰጠው፤ ቸርኬው የእንጨት እንዲመስልም ቀለም ተቀባ። ማኝም የዚያን ዓመት ቱር ደ ፍራንስ አሸነፈ። በነገሩ ላይ የሚያስደንቀው ማሪዮ ሎንጊ የተባለ ጣሊያናዊ ተመሳሳዩን ቸርኬ ከማቪክ ጥቂት ቀደም ብሎ አስመዝግቦ መገኘቱ ነው፤ ስለዚህ ኩባንያው ሥራውን በእርሱ ፈቃድ ለመቀጠል ተገዷል። ብረት ነክ ቸርኬ ግን አዲስ አደጋም ይዞ መጣ። እንጨት ሙቀትን አያስተላልፍም፤ አሉሚኒየም ግን ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን የፈጠረውን ሙቀት በቀጥታ ወደ ማስቲሹ ያደርሰዋል፤ የሞቀ ማስቲሽም ይላላል። በ1935 ስፔናዊው ፍራንሲስኮ ሴፔዳ የጋሊቢዬን ተራራ ሲወርድ ወድቆ ከቀናት በኋላ ሕይወቱ ሲያልፍ፣ ብዙዎች ምክንያቱን ከአዲሱ ቸርኬ ላይ ከተላቀቀ ጎማ ጋር አያይዘውታል።

በዚያው በ1934 ቱር የታየው ሌላ ክስተት ደግሞ የራስን መቻል ዘመን ወደ ማብቂያው መቃረቡን ያመለክታል። ከ1930 ጀምሮ ውድድሩ በብሔራዊ ቡድኖች መካከል ሲደረግ፣ የቡድን ጓደኛ ለመሪው መሥዋዕት መሆን የተለመደ ሆነ። የሃያ ዓመቱ ረኔ ቪዬቶ፣ መሪው ማኝ ወድቆ የብስክሌቱ የፊት እግር (ቸርኬው ከነጎማው) በተሰበረ ጊዜ፣ የራሱን ብስክሌት የፊት እግር ፈትቶ ሰጠው፤ ምትክ እስኪደርስለትም መንገድ ዳር በድንጋይ አጥር ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ የተነሣው ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ ይታያል። በማግሥቱም መሪው እንደገና ችግር እንደገጠመው ሲሰማ የወረደውን መንገድ ወደ ላይ ተመልሶ ብስክሌቱን ሰጠው፤ እርሱ ራሱ ግን አምስተኛ ወጣ። ጎማ ብቻ መለወጥ ቀርቶ መላውን እግር መለወጥ የተቻለው፣ ቱሊዮ ካምፓኞሎ በ1930 ባስመዘገበው፣ ያለ መፍቻ በአንድ እጀታ በሚፈታው የእግር ማሰሪያም ጭምር ነው። የቡድን መኪና ትርፍ እግሮችን ጭኖ ከኋላ መከተል ከጀመረ ወዲህ ደግሞ የጥገና ፍጥነት የሚለው የሚሽላኖች መከራከሪያ ለባለሙያው ተወዳዳሪ ትርጉም አጣ፤ ተወዳዳሪው እጁን ያነሣል፣ መካኒኩ ይሮጣል፣ የቀረው ሥራ ማታ በሆቴል ጓሮ ይሠራል። ማቪክ በ1973 በፓሪስ-ኒስ ውድድር የጀመረው፣ ቡድን ሳይለይ ለሁሉም የሚደርሰው የእርዳታ መኪና ይህን ሥርዓት ሙሉ አደረገው።

የቱቡላር ዘመን ከተወዳዳሪዎች ሕይወት ጋር ምን ያህል የተሳሰረ እንደነበር ከዊም ፋን ኤስት አደጋ የበለጠ የሚያሳይ የለም። ፋን ኤስት በ1951 የቱር ደ ፍራንስን ቢጫ ማሊያ የለበሰ የመጀመሪያው ሆላንዳዊ ሲሆን፣ በማግሥቱ የኦቢስክን ተራራ ሲወርድ ከመንገድ ወጥቶ 70 ሜትር ያህል ገደል ውስጥ ወደቀ። የቡድኑ መኪና የያዘው ገመድ አልደርስ ሲል፣ 40 ያህል ቱቡላሮች እርስ በርስ ተቋጥረው ከገመዱ ጋር ተያያዙና በእነርሱ ተጎትቶ በሕይወት ወጣ። ጎማዎቹ ግን ከመወጠራቸው የተነሣ ቸርኬ ላይ መቀመጥ የማይችሉ ሆኑ፤ የቡድኑ አሠልጣኝም ትርፍ ጎማ ስላልቀረው መላውን ቡድን ከውድድሩ አስወጣ።

የቱቡላር ሥራ ጥበብ ከፍታው የታየው በ1972 ነው። ኤዲ መርክስ ሜክሲኮ ሲቲ ላይ በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር ጋልቦ ክብረ ወሰን ሲሰብር፣ ብስክሌቱ ስድስት ኪሎ የማይሞላ፣ ጎማዎቹም እያንዳንዳቸው 100 ግራም ገደማ የሚመዝኑ የሐር ቱቡላሮች ነበሩ። ከዚህ የሚስተካከል ክሊንቸር በዚያ ዘመን ማንም ሊሠራ አይችልም ነበር።

ክሊንቸር የተመለሰው ከእሽቅድምድሙ ሜዳ ውጪ ነው። ቅዳሜና እሑድ ለሚጋልበው፣ መካኒክ ለሌለውና ጎማ በገዛ ገንዘቡ ለሚገዛው ሰው መስፋትና ማጣበቅ ትልቅ ሸክም ነበር። በ1975 ሚሽላን ኤላን የተባለ ቀጭን ክሊንቸር፣ ማቪክም ለእርሱ የሚሆን የአሉሚኒየም ቸርኬ አወጡ፤ የዚህ ቸርኬ ጠርዝ ወደ ውስጥ የታጠፈ መንጠቆ ስለነበረው ጎማው በከፍተኛ ግፊት ተነፍቶም ከቦታው አይነሣም ነበር። ቀጥሎ የብረት ሽቦው አራሚድ በሚባል፣ ጥይት በማይበሳው ልብስ ውስጥ በሚገባ ሰው ሠራሽ ክር ሲተካ፣ ክሊንቸር የሚታጠፍና ቀላል ሆነ። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ አብዛኛው ጋላቢ ወደ እርሱ ተሻገረ። ታላላቆቹ ቡድኖች ግን በቱቡላር ጸኑ፤ ከፊሉ ጽናታቸው ከልማድ የመጣ መሆኑን መካድ አይቻልም።

የካርቦን ቸርኬ መምጣት ለቱቡላር ተጨማሪ ዕድሜ ሰጠው። የቱቡላር ቸርኬ ጎማውን ደግፎ ከመያዝ በቀር ሌላ ጫና የለበትም፤ የክሊንቸር ቸርኬ ግን የአየሩን ግፊት በሁለቱ ከንፈሮቹ መቋቋም ስላለበት፣ ከካርቦን ሲሠራ መወፈር ግድ ይለዋል፤ ፍሬኑ በሚፈጥረው ሙቀት ከለሰለሰም ሊሰነጠቅ ይችላል። በዚህ ምክንያት በ2000ዎቹ ተራራ ለሚወጣ ተወዳዳሪ የካርቦን ቱቡላር አቻ አልነበረውም። አሮጌው አደጋ ግን አልጠፋም፤ በሐምሌ 2003 ሆሴባ ቤሎኪ ወደ ጋፕ ከተማ በሚወስደው ቁልቁለት፣ ፀሐይ ባቀለጠው አስፋልት ላይ የኋላ ጎማው ከቸርኬው ተላቅቆ ወድቆ የጭኑን አጥንት ተሰበረ፤ ወደ ቀድሞ አቋሙም ፈጽሞ አልተመለሰም።

የመጨረሻውን ፍርድ በአንድነት ያመጡት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የመለኪያ ሥራ ነው። ጎማ መሬት በነካ ቁጥር ይጨፈለቃል፣ ተመልሶም ይነፋል፤ በዚህ መካከል የሚባክነው ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል፣ ይህም የመንከባለል ተቃውሞ ይባላል። በሚሽከረከር ከበሮ ላይ የተደረጉ ሙከራዎች ጥሩ ክሊንቸር ከስስ የላቴክስ ከመነዳሪ ጋር ከቱቡላር እኩል ወይም በተሻለ እንደሚሽከረከር አሳዩ፤ ከቱቡላሩ ሥር ያለው ለስላሳ ማስቲሽ ራሱ ጉልበት ይበላል። ሁለተኛው ዲስክ ፍሬን ነው፤ ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር በ2018 ለጎዳና ውድድር ሙሉ በሙሉ ሲፈቅደው፣ የፍሬን ሙቀት ከቸርኬው ወደ መሐሉ ሰሃን ሄደ፣ የካርቦን ክሊንቸር ዋነኛ ሥጋትም አብሮ ተወገደ። ሦስተኛው በ2006 ሃቺንሰንና ሺማኖ ለጎዳና ያስተዋወቁት፣ ከመነዳሪ የማያስፈልገውና ትናንሽ ቀዳዳዎችን በውስጡ ባለ ፈሳሽ የሚደፍነው ክሊንቸር ነው። ከዚህ ጋር ለአሠርት ዓመታት 23 ሚሊ ሜትር ያህል የነበረው የጎማ ስፋት ወደ 28 እና ከዚያ በላይ አደገ፣ ግፊቱም ቀነሰ። ዡልያን አላፊሊፕ በ2020 ኢሞላ ላይ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ከመነዳሪ ባለው ክሊንቸር ነው፤ ሶኒ ኮልብሬሊ በ2021 ዓመት በጭቃና በድንጋይ ንጣፍ የታወቀውን ፓሪስ-ሩቤን ያሸነፈው ደግሞ ከመነዳሪ በሌለው ጎማ ነው። ከዚያ ወዲህ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቱቡላር ከታላላቅ የጎዳና ውድድሮች ሊጠፋ ትንሽ ቀረው።

የደህንነት ጥያቄ ግን መልክ ቀይሮ ተመልሷል። አንዳንድ ቸርኬ ሠሪዎች ክብደትንና ወጪን ለመቀነስ በ1975 የመጣውን መንጠቆ ያስወገዱ ሲሆን፣ የእነዚህ ቸርኬዎች የግፊት ገደብ በደረጃ መዳቢዎች ዘንድ 5 ባር ነው። በየካቲት 2024 በኤሚሬትስ በተካሄደ ውድድር ላይ የቶማስ ደ ጌንት ጎማ ከእንዲህ ዓይነት ቸርኬ ወጥቶ ሲወድቅ፣ የተወዳዳሪዎች ማኅበር ጉዳዩን በይፋ አንሥቷል። ማኅበሩ መናገሩ ተገቢ ነው፤ ጎማው ከተነፈሰ በኋላ ቸርኬውን ለቅቆ አለመውጣቱ ቱቡላርን ለመቶ ዓመት ያነገሠ ምክንያት ሆኖ ሳለ፣ ለጥቂት ግራም ሲባል ሊተው አይገባም።

እንግዲህ ዛሬ የጎዳና እሽቅድምድም እግር የሚገዛ ሰው፣ የቡድን መኪናና መካኒክ ከኋላው እስካልተከተለው ድረስ፣ መንጠቆ ያለው ቸርኬ ላይ የሚቀመጥ ክሊንቸር ቢመርጥ ያተርፋል፤ የጎማውን ስፋትና ግፊትም ቸርኬ ሠሪው ከጻፈው ገደብ ጋር ሳያመሳክር መንገድ መውጣት የለበትም። በእጁ ያለው ቱቡላር ከሆነና ሊጠቀምበት ከፈለገ ደግሞ፣ ከእያንዳንዱ የውድድር ወቅት በፊት ጎማውን በአውራ ጣቱ ወደ ጎን ገፍቶ ይፈትሽ፤ በየትኛውም ቦታ ከቸርኬው ከተነሣ ፈልቅቆ አሮጌውን ማስቲሽ ጠርጎ እንደ አዲስ ያጣብቀው። ቱቡላር በሙሉ መብቱ የሚኖረው አሁን በቬሎድሮም ዝግ ሜዳና ጎማ በዝቅተኛ ግፊት በጭቃ በሚነዳበት የሳይክሎክሮስ ውድድር ነው።